የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ እግሬ ነው፤ ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ቀስ ብሎ ሂያጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት አሠራር የምታውቁ፣ በተለይም ብስክሌትን ለመዝናኛ ሳይሆን መራመድ ስለሚከብዳችሁ የምትጠቀሙበት ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በልጅነቴ ከያዘኝ ፖሊዮ የተነሣ የግራ እግሬ ደካማ ነው፤ ከጉልበት በታችም ድጋፍ አስሬ እሄዳለሁ። በወጣትነቴ ምርኩዝ ይዤ ረጅም መንገድ እጓዝ ነበር። አሁን ግን ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ ከተራመድሁ እግሬ ዝሎ የቀኑን ቀሪ ሰዓት ተቀምጬ አሳልፋለሁ። ፖሊዮ ያለፈበት ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ጡንቻው እንደገና ሊደክም እንደሚችል ሐኪሜ አስረድቶኛል፤ እኔም የደረሰብኝ ይኸው ነው። ስለዚህ ሥራ ቦታ፣ ሕክምናም ሆነ ገበያ የሚያደርሰኝ ይህ ብስክሌት ብቻ ነው።

ብስክሌቱ ሰባት ዓመት አገልግሏል። ፍሬሙ ከመሃሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ እግሬን ከፍ ሳላደርግ እወጣበታለሁ፤ ሞተሩ ባለ 250 ዋት ሲሆን የተገጠመው በኋላ ጎማው መሃል ላይ ነው፤ ባትሪው 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው። ሞተሩ የሚነሣው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ አይቶ ስለሆነ፣ በጉልበት ባልረግጠውም ይታዘዘኛል።

አሁን ሁለት ችግሮች ገጥመውኛል። አንደኛው፣ ዳገት መሃል ላይ ስክሪኑ በድንገት ይጨልምና ሞተሩ ይጠፋል፤ በቀኝ እግሬ መሬት ረግጬ ማብሪያውን ደግሜ ስጫነው ይበራል፣ ባትሪውም ገና ግማሽ እንደሆነ ያሳየኛል። ሁለተኛው፣ ከቆመበት ሲነሣ ከኋላ ጎማው ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ያሳየሁት ጠጋኝ አንድም ብሎን ሳይፈታ፣ ያረጀ ስለሆነ ገንዘቤን እንዳላባክን፣ አዲስ እንድገዛ መከረኝ። አዲሱንም ሞክሬ ነበር። ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ያለ፣ የእግርን ግፊት እየለካ የሚያግዝ ዓይነት ነው፤ ሌሎች እጅግ ያደንቁታል፣ እኔን ግን ለመነሣት አስቸገረኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የትኛው መንገድ ይሻላል? የትኛውንም ብመርጥ ደግሞ በመሃሉ ያለ ብስክሌት የምቀርበትን ጊዜ እንዴት ላሳጥረው?

ብሎን ፈቺ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሳይፈተሽ «አልቋል» የተባለ ብስክሌት አልቋል ማለት አይደለም። የነገሩን ሁለት ምልክቶች ምናልባት የተለያየ ምክንያት ያላቸው ናቸውና ለየብቻ እንያቸው።

ዳገት ላይ መጥፋቱ የባትሪ እርጅና ዋነኛ ምልክት ነው። ባለ 36 ቮልት ባትሪ በተርታ የተያያዙ 10 የሴል ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ሙሉ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 42 ቮልት ያሳያል። ሴሎቹ ሲያረጁ የውስጥ መቋቋማቸው ይጨምራል። ሞተሩ ዳገት ላይ ብዙ አምፔር ሲስብ ቮልቱ ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል፤ በባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ሰሌዳም ሴሎቹ እንዳይጎዱ ብሎ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ጭነቱ ሲነሣ ቮልቱ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ስክሪኑ «ግማሽ አለ» የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከአሥሩ ቡድኖች አንዱ ብቻ ቢደክምም ሰሌዳው እያንዳንዱን ለየብቻ ስለሚጠብቅ፣ ዘጠኙ ደህና ሆነው ሳለ ሁሉንም ያጠፋዋል።

ነገር ግን ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ባትሪውን ከመቀመጫው አውጥተው የሚገናኝበትን መዳብ በብርሃን ይመልከቱት፤ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ቀልጦ ከሆነ፣ ችግሩ ከሴሉ ይልቅ የላላ ግንኙነት ሊሆን ይችላል። የላላ ግንኙነት ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፣ ይነቃነቃል፣ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይም ያጠፋል። እንዲህ ከሆነ የሚቀየረው ማገናኛው ብቻ ነው። ቀጥሎ ቻርጀሩን ይለኩ፤ 42 ቮልት ገደማ ካልሰጠ ባትሪው መቼም ሞልቶ አያውቅም ማለት ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ስክሪንዎ ቮልት የሚያሳይ እንደሆነ ዳገት ሲወጡ ምን ያህል እንደሚወርድ ይዩ። አንድ ሁለት ቮልት ቢወርድ የተለመደ ነው፤ በግማሽ ሙሌት አምስትና ስድስት ቮልት የሚወርድ ከሆነ ግን ሴሎቹ ደክመዋል።

የጎማውን ድምፅ ለመለየት ኃይሉን አጥፍተው የኋላ ጎማውን ከመሬት ያንሡና በእጅዎ ወደ ፊት ያዙሩት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያዙሩት። ፔዳሉም አብሮ ወደ ኋላ ስለሚዞር ጣትዎን ከካቴናው ያርቁ። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ የናይለን ጥርሶች (ብዙውን ጊዜ ሦስት የሆኑ ባለ ጥርስ ክቦች) እንዲሁም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን አሉ። ጎማው ወደ ፊት በነጻነት ሲዞር ጥርሶቹ አይንቀሳቀሱም፣ ወደ ኋላ ሲዞር ግን ሞተሩን ይዘው ይዞራሉ። ድምፁ ወደ ኋላ ብቻ ከሆነ የተበሉት ጥርሶቹ ናቸው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ከሆነ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። ሁለቱም የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ሞተሩ ራሱ ማለትም ጥቅልሉና ማግኔቱ በቀላሉ አይሞትም።

እስከዚያው ድረስ ዳገት ሲደርሱ የእገዛውን መጠን ዝቅ፣ ማርሹንም ቀላል ያድርጉት። ቀስ ብለው ቢወጡም የሚስበው አምፔር ስለሚቀንስ የመጥፋቱ ነገር ይቀንሳል። ባትሪውንም ከግማሽ በታች እንዳይወርድ አድርገው ይጠቀሙበት።

ምርኩዝና መሪ

ከላይ የተጻፈው የምርመራ መንገድ ትክክል ነው፤ በድምዳሜው ግን አልስማማም። እኔም በጅማት ሕመም ምክንያት በኤሌክትሪክ ብስክሌት የምሄድ ሰው ነኝ፤ ብስክሌትን መጠገን አዋጪ ነው የሚለው ስሌት ለጤነኛ ሰው የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ቢበላሽበት ገፍቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ግን ባዶ እጃችንን መራመድ እያቃተን ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር እንዴት እንገፋለን? ሰባት ዓመት የሠራ ብስክሌት ላይ ዛሬ ባትሪው ቢቀየር፣ ነገ የፍሬን ገመዱ፣ ከነገ ወዲያ የቸርኬው ሽቦ ይቀጥላል። በተለይ የኋላ ቸርኬ የሞተሩን ክብደትና ጉልበት ስለሚሸከም ሽቦዎቹ መበጠስ ከጀመሩ ተከታትለው ነው የሚበጠሱት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። «ሴሉን እንቀይርልህ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሴሎቹ በነጥብ ብየዳ የተያያዙ ስለሆነ ባትሪውን ፈትቶ መልሶ መሥራት ልምድና መሣሪያ ይጠይቃል፤ አሮጌና አዲስ ሴል መቀላቀል፣ ወይም በተራ ብየዳ ሴሉን ማጋል አደገኛ ነው። የሊትየም ባትሪ እሳት ሲነሣ በጣም ፈጣን ነው፤ ጠፋ ከተባለ በኋላም ተመልሶ ሊቀጣጠል ይችላል። ሮጦ ለማይወጣ ሰው ይህ የገንዘብ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ባትሪውን ወደ ውጭ በሚያስወጣዎት በር ወይም ኮሪደር ላይ ቻርጅ አያድርጉ፤ እሳቱ ከተነሣ መውጫዎን ይዘጋዋልና። ተኝተው ሳሉም አይሰኩት። ያበጠ፣ እንግዳ ሽታ ያለው፣ ቻርጅ ሲደረግ ከወትሮው በላይ የሚግል፣ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ካለዎት ከነጭራሹ አይጠቀሙበት።

ባትሪ ብቻ ለመግዛት ከወሰኑም ሦስት ነገር ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ባትሪው ያለማቋረጥ የሚሰጠው አምፔር የሞተሩ መቆጣጠሪያ ከሚስበው ማነስ የለበትም፤ መቆጣጠሪያው 15 አምፔር ከሆነ ባትሪው 15 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የማገናኛው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ደግሞ ከነባሩ ጋር መግጠሙን በቴስተር ያረጋግጡ፤ ቅርጹ ገጠመ ማለት ጫፉ ገጠመ ማለት አይደለም። እንደ ዩ ኤል 2271 ወይም ኢ ኤን 50604 ባሉ የባትሪ ደኅንነት መለኪያዎች የተፈተነ ቢሆን ይመረጣል። ቻርጀሩም ከባትሪው ጋር የመጣው ይሁን። የ48 ቮልት ባትሪ ቻርጀር 54.6 ቮልት ስለሚሰጥ በ36 ቮልት ባትሪ ላይ ቢሰካ እሳት መጋበዝ ነው።

የእኔ ምክር አዲስ ገዝተው አሮጌውን በተጠባባቂነት እንዲያስቀምጡት ነው።

ሰውነት ይቀድማል

ሁለታችሁም ስለ ብስክሌቱ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ነጂው ልጨምር። ሥራዬ የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ከመርጃ መሣሪያቸው ጋር ማስማማት ነው።

ጠያቂው አዲሱን ብስክሌት ሲሞክሩ ለመነሣት መቸገራቸው የልምድ ማነስ አይደለም። ፔዳል መዞሩን ብቻ የሚያይ ሴንሰርና የእግርን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ለደካማ እግር እጅግ የተለያዩ ናቸው። ግፊት የሚለካው ለሰጡት ጉልበት የሚመጥን ጉልበት ይመልሳል፤ ጉልበት ለሌለው የሚመልሰው ትንሽ ነው። ሻጮች ብዙም የማይናገሩት አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ከእነዚህ ሴንሰሮች አንዳንዶቹ የሚለኩት የግራውን ፔዳል ግፊት ብቻ ነው። የቀኝ እግር ምንም ያህል ቢጫን ስለማይቆጠር፣ የግራ እግሩ ደካማ የሆነ ሰው ብስክሌቱ ሰነፍ ይሆንበታል። ስለዚህ አዲስ ሲፈልጉ ሻጩን «ሴንሰሩ ሁለቱንም ወገን ይለካል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ካላወቀ ብስክሌቱን ዳገት ላይ በቀኝ እግርዎ ብቻ፣ ቀጥሎም በግራዎ ብቻ እየረገጡ ይሞክሩት።

በእጅ የሚሰጥ ፍጥነት ያለው ብስክሌት ለመነሣት ይጠቅማል፤ ሕጉ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ፣ እንደ ብስክሌት የሚቆጠረው ያለማቋረጥ ከ250 ዋት የማይበልጥ ሞተር ያለውና በ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት እገዛው የሚቆም ነው፤ ያለ ፔዳል በሞተር ብቻ መሄድ የሚፈቀደው እስከ 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባል። ይህች የ6 ኪሎ ሜትር እገዛ ብስክሌቱን እየመሩ በእግር ለመሄድ የተሠራች ብትሆንም፣ ብስክሌቱን ዳገት ላይ ለመግፋት ለሚቸገር ሰው ትልቅ ነገር ናት። የእርስዎም ብስክሌት ምናልባት ይኖረዋል፤ የእገዛ መቀነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይሞክሩት።

ባለ ሦስት ጎማ ይሻለኝ ይሆን ብለው ካሰቡም፣ ሲቆም አለመውደቁ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ባለ ሁለት ጎማ ሲታጠፍ አብሮ ያጋድላል፣ አብዛኞቹ ባለ ሦስት ጎማዎች አያጋድሉም፤ በፍጥነት ሲታጠፉ የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይነሣል። መንገዱ ወደ ዳር ያዘቀዘቀ ከሆነም ሁልጊዜ ወደዚያው ይስባል፤ ለአንድ ወገን ድካም ይህ አስቸጋሪ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የቤትዎን በር ስፋት ይለኩ፤ ስንት ሰው ገዝቶ ደጅ አሳድሮታል!

ያሁኑን ብስክሌት የሚያስቀጥሉ ከሆነ ደግሞ በትንሽ ወጪ የሚሠራ አንድ ለውጥ አለ። የፔዳሉ ክንድ አብዛኛውን ጊዜ 170 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 150 ወይም ከዚያ በታች ቢያጥር ፔዳሉ ዙሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉልበትና ዳሌ የሚታጠፉት ያነሰ ይሆናል፤ ድጋፍ ለታሰረ እግር ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ክንዱ ሲያጥር ግን እግር ፔዳሉን የሚጫንበት ብልጫ ስለሚቀንስ፣ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ በሚያይ ብስክሌት ላይ ነው ለውጡ በሙሉ ትርፍ የሚሆነው። ኮርቻውም ከዚያ ጋር በጥቂቱ ከፍ ማለት እንዳለበት፣ ይህም በሚቆሙበት ጊዜ መሬት መርገጥን እንደሚያከብድ ይታሰብበት።

ለዚህ ሁሉ እኔ የምለው፣ አሮጌው ብስክሌት ለሰውነትዎ የተስማማ ከሆነ፣ ያ መስማማት በአዲሱ እስኪገኝ ድረስ አሮጌውን አለመልቀቅ ነው። ጎማና ባትሪ ይገዛል፤ ከአንድ ሰው አካል ጋር ልክ የሆነ ፍሬም ግን ፍለጋ ይጠይቃል።

ቀስ ብሎ ሂያጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ሁሉ ሞከርሁ። ማገናኛው ንጹሕ ነው፤ ቻርጀሩም 42 ቮልት ይሰጣል። ባትሪው ሲሞላ 41.6 ቮልት ያሳያል፤ ስክሪኑ ግማሽ ሲል ዳገቱ ላይ ከ36 ወደ 31 ይወርድና ይጠፋል። ጎማውን ወደ ፊት ሳዞረው ድምፅ የለውም፤ ወደ ኋላ ሳዞረው ግን ያ የመፈጨት ድምፅ ይመጣል፣ በየዙሩም አንድ ቦታ ላይ የሚንገጫገጭ ነገር በእጄ ይሰማኛል። በግራ እግር ብቻ የሚለካ ሴንሰር እንዳለ ሳነብ ደግሞ አዲሱ ብስክሌት ለምን እንዳልታዘዘኝ ገባኝ።

ፍሬሙን ብየዳው ባለበት ሁሉ በመብራት ተመለከትሁት፣ ስንጥቅ የለውም። ስለዚህ አሁን መጠገኑን መርጫለሁ፤ አዲስ መፈለጉን ደግሞ ሳልጣደፍ፣ ሁለቱንም ወገን የሚለካ ወይም መዞርን ብቻ የሚያይ ሴንሰር ያለው እስካገኝ እቀጥላለሁ። ያኔ አሮጌው ተጠባባቂ ይሆናል፤ «ምርኩዝና መሪ» ያሉትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። የቀረኝ ጥያቄ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ባትሪውንና ጥርሶቹን አብሬ ላሠራ ወይስ በየተራ?

ብሎን ፈቺ

በየተራ ያድርጉት፤ የሚፈታውም ነገር የሚተካው ዕቃ እጅዎ ሳይገባ አይፈታ። ብዙ ሰው ብስክሌት አልባ ሆኖ የሚከርመው ጥገናው ከብዶ ሳይሆን፣ ሞተሩ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጥርስ ሲጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይሩ፤ ይህ ምንም ሳይፈታ የሚደረግ ነው፣ መንገድ ላይ የሚያስቀርዎትም እሱ ነው። መቀመጫው የሚችል ከሆነ ከ10 ይልቅ 14 አምፔር ሰዓት ያለውን ይውሰዱ። 36 ቮልት በ10 አምፔር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ነው፣ በ14 ሲሆን 504 ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ርቀት ብቻ አይደለም። ትልቁ ባትሪ ጎን ለጎን የተያያዙ ሴሎቹ ስለሚበዙ ዳገቱ ላይ እያንዳንዱ ሴል የሚሸከመው አምፔር ያንሳል፤ ቮልቱም ያን ያህል አይወርድም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቻርጅ አያድርጉት፤ ለሳምንታት የማይጠቀሙበት ከሆነም በግማሽ ገደማ ሙሌት ያስቀምጡት። ተጠባባቂ ለሚሆን ብስክሌት ይህ ከሁሉ ዋና ነገር ነው፤ ባዶውን የተረሳ ባትሪ ተመልሶ ላይነሣ ይችላልና። የድሮውን ባትሪ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው ባትሪ ለሚሰበስቡ ያስረክቡ፤ ከቆሻሻ ጋር አይጣል።

ጥርሶቹ ሁለተኛ ናቸው። በሞተሩ ሽፋን ላይ የተቀረጸውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥተው ለሻጩ ይላኩ፤ አንድ መጠን የሚመስሉ ጥርሶች ቁጥራቸውና ስፋታቸው ይለያያልና። የተበላው አንድ ቢሆንም ሦስቱን በአንድ ላይ ይቀይሩ። ፍሪሲዮኑም ሲከፈት ይታይ፤ ከተንሸራተተ እሱም አብሮ ይቀየር። ዕቃው ከተገኘ ለለመደ ጠጋኝ ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ከዕረፍት ቀንዎ ጋር ያገናኙት፣ የፔዳሉንም ክንድ ያን ዕለት አብረው ያስቀይሩ።

ጎማው ተመልሶ ሲገጠም ጠጋኙን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። በሞተሩ አክሰል ላይ ጥርስ ያላት ሮንዴላ አለች፤ ጥርሷ ፍሬሙ ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለባት፣ ዳዶዎቹም በሚገባ መጠበቅ አለባቸው። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር አክሰሉን ወደ ኋላ ለማዞር ይገፋል፤ ሮንዴላዋ ካልያዘችው አክሰሉ ዞሮ ከራሱ ከአክሰሉ የሚወጣውን የሞተሩን ገመድ ይበጥሰዋል። ከመንዳትዎ በፊት የኋላውን ጎማ አንሥተው በዝቅተኛው እገዛ ያስነሡት፤ ገመዱ የትም እንደማይነካ ካዩ በኋላ ይንዱት።